ጡረታን ማን ይሸከመዋል?

ጡረታ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ከደመወዝ የሚቆረጠውን ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ሲያንስ ጉድለቱ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1981 የጋራውን ካዝና ትታ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 10 በመቶ በግል ሒሳቡ እንዲያጠራቅም አደረገች፤ አሠሪው ከመዋጮው ነፃ ሆነ። ሕጉን ያወጣው ወታደራዊ መንግሥት ሠራዊቱን ግን በድሮው ጡረታ አቆየው፤ ይህቺን ልብ በሉልን! ታዲያ ደመወዙ ያነሰ፣ ሥራው የተቆራረጠበት ሰው ሲያረጅ ምን ይዋጠው? እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ድሆች አረጋውያንን ከግምጃ ቤት መደጎም ግድ ሆነበት፤ በ2025 የወጣው ሕግም የአሠሪው መዋጮ ቀስ በቀስ ወደ 8.5 በመቶ እንዲያድግ ደነገገ።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1998 ባጸደቀችው ሕግ የጋራውን አላፈረሰችም። ከ18.5 በመቶው መዋጮ 16ቱ የዛሬዎቹን ጡረተኞች ይጦራል፣ ለከፋዩም በስሙ ይመዘገብለታል። ይሁን እንጂ የሕዝቡ ዕድሜ በረዘመ ቁጥር የአዲሱ ጡረተኛ ወርኃዊ አበል ይቀንሳል፤ ወይ በትንሹ ይኖራል፣ ወይ ሥራው ላይ ይቆያል።