ስለ ሄፓታይተስ ሲ ምርመራ፦ ቁጥሩ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?



ባለፈው ዓመት በመስጂዳችን የነፃ ጤና ምርመራ ቀን ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ኢንጂነር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ሥራዬ ወንበር መደርደርና ስም መመዝገብ ነበር። "አባባ፣ እርስዎም ይመርመሩ" ብዬ አባቴን ጎትጉቼ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። ከጣታቸው ጠብታ ደም ተወሰደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነርሷ ለብቻቸው ጠርታ አነጋገረቻቸው። መኪና ውስጥ ስንገባ "ሄፓታይተስ ሲ ሳይኖርብህ አይቀርም አሉኝ" አሉ፤ ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ዝም።

የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው "ደግሞ ይሄን ከየት አመጡት?" የሚል ነበር። ስለ በሽታው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች በሽታ ነው የሚለውን። ሱረቱል ሑጁራት ስለ መጥፎ ጥርጣሬ የሚያስጠነቅቀውን አንቀጽ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የገዛ አባቴ ጋ ስደርስ ግን አልሠራሁበትም። እሳቸውም ፊቴን ሳያነቡ አልቀሩም። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ስኒያቸውን ራሳቸው ለይተው አስቀመጡ።

ስኒ መለየት አያስፈልግም ነበር። ሄፓታይተስ ሲ የሚተላለፈው ደም ከደም ሲገናኝ ነው። በምግብ፣ በስኒ፣ በመተቃቀፍ፣ ጎን ለጎን ቆሞ በመስገድ አይተላለፍም። ወላጆቻችን "የወፍ በሽታ" የሚሉት ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚሉም አሉ። ሄፓታይተስ ሲ የያዘው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም፣ ሕመምም አይሰማውም። ቫይረሱ ሃያ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ጉበትን ሊያደነድን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖራል፤ ብዙው አያውቀውም።

ታዲያ ለምን አንዱ ሕዝብ ዘንድ በዝቶ ሌላው ዘንድ ያንሳል? የግብፅን ታሪክ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። በናይል ዳር ያለው ገበሬ በቢልሃርዚያ ይሠቃይ ነበር። መንግሥት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ሕዝቡን በመርፌ አከመ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን አንዱ መርፌ በደንብ ሳይጸዳ ለብዙ ሰው ያገለግል ነበር። ያኔ ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ቫይረስ መኖሩን ማንም አያውቅም፤ የተለየው በ1989 ነው። በ2008 በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉ ግብፃውያን 15 በመቶ ያህሉ አንቲቦዲው ተገኘባቸው። እነዚህ ሰዎች ያጠፉት ምንድነው? ሐኪም ዘንድ መሄዳቸው ነው። ያቺው አገር ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረች፤ የተገኘበትንም በነፃ አከመች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጣት።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ሳቁ። ልጅ ሳሉ ወሎ ውስጥ በገበያ ቀን የሚመጣ መርፌ ወጊ ነበር አሉ። አንዲት መርፌ በጣሳ ውሃ ቀቅሎ ሰፈሩን ሁሉ ይወጋል። ከዚያ ይሁን ከሌላ ማረጋገጥ አይቻልም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "ከየት?" ብዬ አልጠየቅኩም።

የአሜሪካም ቁጥር እንዲሁ ታሪክ አለው። የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ በ2012 ከ1945 እስከ 1965 የተወለደ ሁሉ አንድ ጊዜ እንዲመረመር መክሮ ነበር፤ የደም ልገሳ በደንብ ሳይጣራ በፊት ደም የተሰጠው ትውልድ ነውና። በኋላ ግን ወጣቶች ላይ አዲስ የተያዘው ሰው በዛ፤ ምክንያቱ በመርፌ የሚወሰድ ዕፅ ነው። በ2020 ምክሩ ተለወጠ፦ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ በእያንዳንዱ እርግዝና። እናንተም አላችሁበት ማለት ነው። ለሁሉም መሆኑ ጥሩ ነገር አለው፤ "ምን አድርገህ ነው?" የሚል ጥያቄ አይኖርም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልውሰዳችሁ፤ ሒሳብ የማይወድ ይታገሰኝ። አንድ መመርመሪያ ከ100 ታማሚ 99ኙን ያገኛል፣ ከ100 ጤነኛ ደግሞ አንዱን በስህተት "አለበት" ይላል እንበል። ቁጥሩን የመረጥኩት ለስሌት እንዲቀል ነው። በሽታው 10 በመቶ ካለበት ሕዝብ 10,000 ሰው ብንመረምር፣ ከ1,000 ታማሚ 990ው ይገኛሉ፤ ከ9,000 ጤነኛ 90ው በስህተት ይያዛሉ። ስለዚህ "አለበት" ከተባሉት አብዛኞቹ በእርግጥ አለባቸው። 1 በመቶ ብቻ ካለበት ሕዝብ ሌላ 10,000 እንውሰድ። ከ100 ታማሚ 99ኙ ይገኛሉ። ከ9,900 ጤነኛ በስህተት የሚያዙትም 99 ናቸው! ያው መመርመሪያ፣ ያው መስመር፣ ግን "አለበት" ከተባሉት ግማሹ ጤነኛ ነው።

በዚያ ላይ የመጀመሪያው ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን አንቲቦዲውን ነው፤ ማለትም ሰውነት አንድ ጊዜ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት። ከተያዙት ከሦስቱ የአንዱ ያህል ሰውነት ያለ መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ያጸዳዋል፤ አንቲቦዲው ግን ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው ምርመራ፣ አር ኤን ኤ የሚባለው፣ ሳይታይ ማንም ሰው "ታማሚ" መባል የለበትም። በመስጂድ ቀን መርምረን ለሁለተኛው ቀጠሮ ካላስያዝን ሥራውን ግማሽ ላይ ጥለነዋል።

የአባቴ ሁለተኛ ምርመራ ቫይረሱን አሳየ። መድኃኒቱ በቀን አንድ ክኒን፣ ለ12 ሳምንት ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ከ100 ሰው ከ95 በላይ ያድናሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ያስተማሩትን አባቴ ለኢማሙ እየደጋገሙ ያወሩ ነበር። ረመዷን መሐል ላይ ገባ፤ ሐኪሙን ጠይቀን ከኢፍጣር በኋላ ይወስዱት ጀመር።

ክትባት የለውም፤ ክትባት ያለው ለሄፓታይተስ ቢ ነው፣ አታምታቱት። የዳነም ዳግመኛ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ሒጃማ የምታደርጉ፣ ምላጩ አዲስ ሆኖ ፊታችሁ ሲከፈት እዩ። ሐጅና ዑምራ ላይ ፀጉር ስትላጩም እንዲሁ፤ ፈቃድ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ አዲስ ምላጭ። ቤት ውስጥ የአባትን ምላጭ መዋስ የለመዳችሁም አላችሁ፤ ተዉት።

መድኃኒቱ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ የአባቴ ደም ተመረመረ፤ ቫይረሱ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። እናቴም ተመረመረች፤ ነፃ ናት። እኔም እንደዚያው። ታናሽ ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ "ሥራ በዛብኝ" እያለ ነው፤ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ የያዝኩለት እኔ ነኝ።