ትምህርት ዐሥራ አራት፦ አድራጊና ተደራጊ ግሶች

ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣
ሀ) አድራጊና ተደራጊ ግሶችን ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤
ለ) በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተደራጊ አለመሆኑን በምሳሌ ታስረዳላችሁ፤
ሐ) የአንድን ጉዳይ ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት ስትጽፉ፣ ባለጉዳዩን ሰው እንደ ዕቃ ከመቍጠር ትጠነቀቃላችሁ።

መግቢያ

በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፉትን ጽሑፎች አንብባችሁ ይሆናል። «ማመልከቻው ቀርቧል፤ ጉዳዩ ተመርምሯል፤ ውሳኔ ተሰጥቷል» ይላሉ። ማን አቀረበ? ማን መረመረ? ማንስ ወሰነ? ዐረፍተ ነገሮቹ ይህን አይነግሩንም። እንዲህ ያለው አጻጻፍ አንዳንድ ጊዜ አስፈላጊ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሊታይ የሚገባውን ሰው ይሰውራል።

ቀጥሎ ያለው ምንባብ በሕንድ አገር ስለሚፈጸም የጉዲፈቻ ጉዳይ ይናገራል። ቤተ ሰቡ ለትምህርቱ ሲባል የታሰበ ነው፤ ሕጎቹ፣ ዓመቶቹና የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን እውነተኞች ናቸው። ስታነቡ፣ ስለ ልጅቱ የሚናገሩትን ግሶች በእርሳስ አስምሩባቸው።

ምንባብ፦ ሦስት ቀን በፑኔ

ፑኔ በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ማራቲ ይባላል። አንድ አሜሪካዊ ከነሚስቱ፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጃቸውን አስከትለው፣ የዝናሙ ወራት ሊያበቃ ሲል ወደዚህች ከተማ ገቡ። የመጡትም አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ተቀብለው ለመመለስ ነው።

ልጅቱን በዓይናቸው ከማየታቸው በፊት የሚያውቋት በመዝገብ ነበር። መዝገቡም እንዲህ ይላል፦ «በሕፃንነቷ ተጥላ ተገኘች። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰደች። ወላጆቿ ተፈለጉ፤ አልተገኙም። በሕፃናት ደኅንነት ኮሚቴ ለጉዲፈቻ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። በአገር ውስጥ ወላጅ ተፈለገላት፤ አልተገኘላትም። ፈቃዷ ተጠየቀ። ለአመልካቾቹ ተሰጠች።»

ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ላክሽሚ ካንት ፓንዴይ የተባሉ ጠበቃ፣ የሕንድን ሕፃናት ወደ ውጭ አገር በሚልኩ ድርጅቶች ዘንድ ይፈጸማል ያሉትን ጥፋት ዘርዝረው ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ፍርድ ቤቱም ደብዳቤውን እንደ አቤቱታ ተቀብሎ ጉዳዩን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዳኛው ፒ. ኤን. ባግዋቲ በጻፉት ፍርድ፣ አንድ ሕፃን ለውጭ አገር ዜጋ ከመሰጠቱ በፊት በአገሩ ውስጥ ወላጅ እንዲፈለግለት፣ የውጭ አገር አመልካቾችም በታወቀ ድርጅት በኩል ብቻ እንዲቀርቡ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1993 በሄግ ከተማ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ፣ ልጁ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ምክር እንዲያገኝ፣ ፍላጎቱም ከግምት እንዲገባ ደነገገ፤ ሕንድ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጸደቀች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሕንድ ሕግም ውሳኔ ሰጪው የልጁን ፍላጎት እንዲያመዛዝን፣ በጉዳዩም ገንዘብ ተሰጥቶ ወይም ተወስዶ እንዳይሆን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ቀድሞ ውሳኔውን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ማሻሻያ ምክንያት ግን ከ2022 ጀምሮ ይህ ሥልጣን ለአውራጃው አስተዳዳሪ ተላልፏል።

እንግዲህ ባልና ሚስቱ ፑኔ ሲደርሱ የአስተዳዳሪው ውሳኔ ተፈርሞ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ ማሳደጊያው ሄዱ። ልጅቱ ግን ከበር ኋላ ተደብቃ አልወጣም አለች። አባትየው ሰዓቱን ተመለከተና፣ «ውሳኔው ተፈርሟል፤ ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለ። ሞግዚቲቱ እጇን ይዛ ልታወጣት ትችል ነበር። እናትየው ግን «ዛሬ አንወስዳትም፤ ነገ እንመለሳለን» አለች። እስኪመሽ ድረስ ከግቢው ወለል ላይ ተቀምጠው ቆዩ።

በሁለተኛው ቀን ልጃቸው ደብተር አውጥቶ ሥዕል መሣል ጀመረ። ልጅቱ ከበሩ ወጣች፤ ቀረበች፤ እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና ከሣለው ቤት አጠገብ አንድ ዛፍ ሣለች። ከዚያም ሞግዚቲቱን፣ «ማውሺ፣ ይህ ልጅ የእኔ ዳዳ ነው?» ብላ ጠየቀች። በማራቲ ቋንቋ «ማውሺ» አክስት፣ «ዳዳ» ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሞግዚቲቱ ልጅቱን ከፊቷ አቁማ፣ «ከእነዚህ ሰዎች ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ጥያቄው ከውሳኔው በፊት ቀርቦላት፣ መልሷም በመዝገብ ሰፍሮ ነበር። ይህን ዳግመኛ እንድትጠይቅ ሞግዚቲቱን ያዘዛት አልነበረም። አባትየው ግን በዚህ ጊዜ ሰዓቱን አልተመለከተም። ልጅቱ ዝም ብላ ቆየች። ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሳ አሻንጉሊቷን ለታናሽ ጓደኛዋ ሰጠች። ማውሺን አቅፋ አለቀሰች። በመጨረሻም «ሆ» አለች። «ሆ» ማለት «አዎን» ማለት ነው። እናትየው ቦርሳዋን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱ ግን አልሰጠቻትም። ራሷ ተሸክማ ወጣች።

ጉዳዩ በዚህ አላለቀም። አዲሶቹ ወላጆቿ ስማቸው የገባበት የልደት ምስክር ወረቀትና የሕንድ ፓስፖርት ያስፈልጓት ነበር፤ በኒው ዴልሂ ያለው የማዕከላዊ ጉዲፈቻ ባለሥልጣንም ጉዲፈቻው ከሄግ ስምምነት ጋር መስማማቱን በምስክር ወረቀት ማረጋገጥ ነበረበት። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ የአሜሪካ ኤምባሲ ቪዛ ይሰጣል። ቤተ ሰቡ በዴልሂ ቪዛውን ሲጠባበቅ አንድ ቀን ከጥንታዊው የቁጥብ ሚናር ግንብ ሥር ተቀምጦ ዋለ። እዚያም ልጅቱ ወንድሟን በማራቲ መቍጠር አስተማረችው፤ «ኤክ፣ ዶን፣ ቲን፣ ቻር»። እርሱም በእንግሊዝኛ አስተማራት። እንዲህ እየተማማሩ ዋሉ።

ወደ አሜሪካ ከገቡም በኋላ ስለ ልጅቱ አያያዝ ለሁለት ዓመት ያህል ለሕንድ ባለሥልጣን ሪፖርት ይላካል፤ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ በሁለተኛው ዓመት በየስድስት ወሩ።

የቃላት ፍቺ

ጉዲፈቻ፦ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ቃል ነው፤ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን ያመለክታል። በሕግ አማርኛም የተለመደ ነው።
ማደጎ፦ «አደገ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው።
አቤቱታ፦ ለዳኛ ወይም ለሹም የሚቀርብ የበደል ማመልከቻ።
አጸደቀ፦ (ስለ ስምምነት ሲነገር) በሥልጣን ተቀብሎ እንዲጸና አደረገ።

ሰዋስው

1. አድራጊ ግስ ባለቤቱ ድርጊቱን ራሱ መፈጸሙን ያሳያል።
ምሳሌ፦ አስተዳዳሪው ውሳኔውን ፈረመ።
በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አስተዳዳሪው» ባለቤት፣ «ውሳኔውን» ተሳቢ፣ «ፈረመ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው።

2. ተደራጊ ግስ ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ መፈጸሙን ያሳያል።
ምሳሌ፦ ውሳኔው ተፈረመ።
ተሳቢ የነበረው «ውሳኔው» አሁን ባለቤት ሆነ። ፈራሚው ግን ከዐረፍተ ነገሩ ወጣ። «በአስተዳዳሪው» ብለን ካልጨመርን አንባቢው ፈራሚውን አያገኘውም።

3. በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። «ተቀበለ»፣ «ተናገረ»፣ «ተማረ» የሚሉትን ተመልከቱ። ከ«ተፈረመ» ላይ «ተ»ን ብናነሣ «ፈረመ» የሚል ግስ እናገኛለን፤ ከ«ተቀበለ» ላይ ብናነሣ ግን «ቀበለ» የሚል ግስ የለም። ይህ መለያ ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ከ«ተማረ» ላይ «ተ» ሲነሣ ይቅርታ ማድረግን የሚያመለክተው «ማረ» ይገኛልና። ስለዚህ ሁለተኛ መለያ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ግሱ ተሳቢ መቀበል አለመቀበሉን ማየት ነው። «ልጅቱ ወንድሟን ተቀበለች» እንላለን፤ «ወንድሟን» ተሳቢ ነው። በመሆኑም «ተቀበለች» መልኳ የተደራጊ ቢመስልም ሥራዋ የአድራጊ ነው። ምንባቡ ሲጀምር ተቀባዮቹ ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ፤ ሲፈጸም ግን ልጅቱም ተቀባይ ሆናለች።

4. ከአንድ ግስ ሌሎች አዕማድም ይወጣሉ፦ ፈረመ (አድራጊ)፣ ተፈረመ (ተደራጊ)፣ አስፈረመ (አስደራጊ)፣ ተፈራረመ (ተደራራጊ)፣ አፈራረመ (አደራራጊ)። በምንባቡ ውስጥ ያሉት «አስተማረ» እና «ተማማረ» የየትኛው ዐምድ ናቸው?

የድርሰት መመሪያ

ተደራጊ ግስ ስሕተት አይደለም። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ተገቢ ነው፤ «ተጥላ ተገኘች» የተባለው ማን እንደ ጣላት ስላልታወቀ ነው። አድራጊው ማንነቱ እንዳይገለጽ ሲያስፈልግም ይጠቅማል። በሕንድ ሕግ እንዲህ ያለ ሕፃን ማንነቱ በጋዜጣ እንዳይገለጽ የተከለከለ በመሆኑ፣ ምንባባችንም የልጅቱን ስም ሳይጠራ አልፏል።

ስሕተት የሚሆነው አድራጊው እያለ ስንሰውረው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት አጻጻፎች አነጻጽሩ።

ሀ) ፈቃዷ ተጠየቀ። ለአመልካቾቹ ተሰጠች።
ለ) ሞግዚቲቱ ልጅቱን ጠየቀቻት። ልጅቱ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያም «ሆ» አለች። ቦርሳዋንም ራሷ ተሸክማ ወጣች።

ሁለቱም እውነት ናቸው። በ«ሀ» ውስጥ ግን የጠየቀውን ሰው አናይም፤ የልጅቱንም መልስ አንሰማም። «አይሆንም» ብላ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ «ፈቃዷ ተጠየቀ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን አጥብቃችሁ አስተውሉ። ሕጉ የልጅ ፍላጎት ይመዛዘን ሲል ልጅቱ ተናጋሪ እንድትሆን አዟል፤ መዝገብ ጸሐፊው ግን በአንድ «ተ» ፊደል ምክንያት ድምፅዋን ሊያጠፋው ይችላል። እናንተም ነገ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የሕመምተኛ መዝገብ ወይም የተማሪ ሪፖርት ስትጽፉ ይኸው ፈተና ያጋጥማችኋል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ «ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በጽሑፌ ውስጥ አንድ ነገር እንኳ አድርጓልን? አንድ ቃል እንኳ ተናግሯልን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

መልመጃ

አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. የፓንዴይ ደብዳቤ ምን ውጤት አስገኘ?
2. እናትየው ልጅቱን በመጀመሪያው ቀን ያልወሰደችው ለምን ይመስላችኋል?
3. ልጅቱ አሻንጉሊቷን ለጓደኛዋ ትታ፣ ቦርሳዋን ግን ለእናትየው ያልሰጠችው ለምን ይሆን?

ሁለት፦ ከሚከተሉት ግሶች ተደራጊ የሆኑትንና ያልሆኑትን ለዩ፤ ምክንያታችሁንም ጻፉ።
ተገኘ፣ ተናገረ፣ ተጠየቀ፣ ተረከበ፣ ተመዘገበ፣ ተሸከመ

ሦስት፦ እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ወደ አድራጊ ግስ ለውጡ። አድራጊውን ከምንባቡ ፈልጉ።
1. ደብዳቤው ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተጻፈ።
2. ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ጸደቀ።
3. ዛፉ ከቤቱ አጠገብ ተሣለ።

አራት፦ ለውይይት። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክላለች፤ ሕንድ ደግሞ በቍጥጥር ትፈቅዳለች። ስለ ሁለቱ መንገዶች ጥቅምና ጉዳት በቡድን ተወያዩ።

አምስት፦ ድርሰት። የምንባቡን ሦስት ቀኖች በልጅቱ አንደበት፣ «እኔ» እያላችሁ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አቅርቡ። ተደራጊ ግስ የምትጠቀሙት በሦስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ይሁን፤ እነዚህንም ለምን እንደ መረጣችኋቸው በድርሰቱ ግርጌ አስረዱ።