ከሱስ ለመውጣት የሚደጋገፉ ሰዎች ቡድን አመሠራረት፦ ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሐብሩ

በመደጋገፊያ ቡድን ውስጥ ጫት፣ አረቄ ወይም ሲጋራ ለመተው የወሰኑ ሰዎች በየሳምንቱ ተገናኝተው ያለፈውን ይነጋገራሉ፣ የሚመጣውን ያቅዳሉ። በዓለም የታወቀው የዚህ ዓይነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ሲሆን፣ አሥራ ሁለቱ እርምጃዎቹ ፈጣሪን ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪ በበኩሉ እምነትን ለየግለሰቡ ትቶ በአራት ነገሮች ላይ ይሠራል፦ ለመተው መነሣሣት፣ ሐራራን መቋቋም፣ ሐሳብንና ስሜትን መግራት፣ የተመጣጠነ ኑሮ መኖር።

ለሰሜን ወሎ ሁለተኛው ይስማማል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ በሚቀባበርበት አገር ቡድኑም ለሁለቱም እኩል ክፍት መሆን አለበት። ጸበል የሚጠመቀው ይጠመቃል፣ ዱዓ የሚያስደርገው ያስደርጋል፤ በስብሰባው ላይ ግን ጸሎትም ስብከትም አይገባም።

ለመጀመር ሦስት ወይም አራት ቁርጠኛ ሰዎች ይበቃሉ። የጫት ቡድንና የመጠጥ ቡድን ብሎ መለየት ብዙም አይጠቅም፤ ከሰዓት በርጫ ላይ የዋለ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ወደ ጨብሲ ይሄዳልና ሁለቱ ሱሶች ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይገኛሉ።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ግን አንድ ማጣሪያ የግድ ነው። በየቀኑ ብዙ አረቄ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስም አእምሮውን ሊያስት ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ወይም ወልዲያ ሆስፒታል ታይቶ በመድኃኒት እየተረዳ ያቆማል። ጫት ያቋረጠ ሰው ላይ የሚመጣው ድብርት፣ እንቅልፍና ዱካክ ያስጨንቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም።

የስብሰባው ሰዓት ከምሳ በኋላ፣ በርጫ በሚጀመርበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ አባሉ በጣም የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የቀበሌ አዳራሽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ ያልታወቀ ስብስብ ጥርጣሬ ስለሚያስነሣ ዓላማውን ለቀበሌው ማሳወቅ ይገባል፤ የአባላት ስም ግን አይሰጥም። ቡና ለብዙዎች የጫት ጓደኛ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሻይ ይሻላል። ለወሎ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው፣ ግን ያዋጣል።

የአመራሩን አርአያ ከቅሬ መውሰድ ይቻላል፦ አንድ ዳኛ፣ የታወቀ ቀን፣ የተራ ንግግር። የማይወሰደው ቅጣቱ ነው። ያገረሸበት ሰው ገንዘብ ከተቀጣ በሚቀጥለው ሳምንት ይዋሻል፣ ወይም ይቀራል። ምሥጢር መጠበቅ ደግሞ ሁሉም በሚተዋወቅበት እንደ መርሳ ባለ ከተማ ከባድ ነው፤ የፈራ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ወልዲያ ቢሳተፍ፣ የወልዲያውም በተራው መርሳ ቢመጣ አይነወርም። ሴቶች የራሳቸው ቀን ቢኖራቸው ይናገራሉ። አረቄ እያወጣች ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት ስለ መጠጡ ብቻ ማውራት አይበቃም፤ ገቢውን በምን ትተካለች የሚለውም የስብሰባው ጉዳይ ነው።

አንድ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ በአጭሩ ይናገራል፤ ምክር ካልጠየቀ አይመከርም። ቀጥሎ አንድ መሣሪያ ይሠራበታል። ቀላሉ ባለ አራት ክፍል ወረቀት ነው፦ መቃም የሚሰጠው፣ የሚወስደው፤ መተው የሚሰጠው፣ የሚወስደው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል በሐቅ የሞላ ሰው ምን እንደሚያጣ ያውቃል፤ የጓደኛ ጨዋታን በምን እንደሚተካ ያስባል። መጻፍ የማይችል በቃል ይናገራል። ሐራራ ሲመጣም ለግማሽ ሰዓት ያህል ማዘግየት፣ ቦታ መቀየርና ለአንድ አባል መደወል ይለመዳል፤ ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳልና። በመጨረሻ እያንዳንዱ የሳምንቱን አንድ እቅድ ተናግሮ ስብሰባው ያበቃል።

ያገረሸበት አባል ሲመለስ የሚጠየቀው ከመጀመሪያው ቅጠል ወይም መለኪያ በፊት የት፣ ከማን ጋር እንደነበር ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ ወልዲያንና አካባቢዋን ባመሰበት ጊዜ ያየውን ለመርሳት የሚጠጣ ሰው ካለ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ከታወቀ፣ ቡድኑ ብቻውን አይዘውም፤ አንድ አባል አብሮት ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ያደርሰዋል። ዳኛው በየሦስት ወሩ ይለወጣል፤ አባላቱ ከ12 ሲያልፉ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል።