የውድድር መስመርን በክፍት ካርታ ላይ ማስፈር፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ

በጋሞ ዞን የሞተር ውድድር ቢታሰብ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ 2,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ኩርባውም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ለማስፈር የሚነሣ ሰው ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ የሚመዘግበው ውድድሩን ነው ወይስ መንገዱን? ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረ፣ ማንም ሰው የሚያርመውና በነፃ የሚጠቀምበት ካርታ ነው። በእኔ እምነት እዚያ ላይ መስፈር ያለበት ዓመቱን ሙሉ መሬት ላይ ያለው መንገድ ብቻ ነው።

ይህ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በካርታው ላይ እያንዳንዱ መስመር ምንነቱን የሚናገር መለያ ይሰጠዋል። ለሞተር ውድድር ተብሎ ለተሠራ መም «ሬስዌይ» የሚባል መለያ አለ፤ የስታዲየም የሩጫ መም ደግሞ የራሱ ሌላ መለያ አለው። አቅጣጫ የሚያሰሉ መተግበሪያዎች ሬስዌይ የተባለውን መስመር እንደ ሕዝብ መንገድ ስለማይቆጥሩት ያልፉታል። አንድ የስፖርት ወዳጅ የጨንቻውን መንገድ ለአንድ ቀን ውድድር ሲል ሬስዌይ ቢለው፣ በማግስቱ በሽተኛ ይዞ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ አሽከርካሪ ስልኩ መንገዱን ሊነሣው ይችላል። የሞናኮ ሰርኪዩት 3.337 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዝነኛ መስመር ነው፤ ውድድሩ ሲያልቅ ግን ያው የከተማ ጎዳና ነው፣ ካርታ ላይም ጎዳናነቱ ሊጠፋ አይገባም።

መንገዱን መመዝገብ ከወሰንን ሥራው የሚጀምረው ከመሬት ነው። በኦፕንስትሪትማፕ ላይ አካውንት ከፍታችሁ ከመሳላችሁ በፊት፣ የጉዞ ዱካ የሚቀዳ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ከአርባ ምንጭ ሰፈሮች ከሲቀላ ወይም ከሴቻ ተነሥታችሁ ዳገቱን ውጡ፤ በዚያው ተመለሱ። «የሳተላይት ምስል እያለ መሄዱ ለምን?» የሚል ይኖራል። ምስሉ በተዳፋት ቦታ ላይ ከትክክለኛው ስፍራ በበርካታ ሜትር ሊንሸራተት ይችላል፤ የደጋው ደመናም ይሸፍነዋል፤ ከተነሣም ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። የስልክ ጂፒኤስም ቢሆን በሜዳ ላይ አምስት ሜትር ያህል፣ በገደል ሥር ደግሞ ከዚያ በላይ ይስታል። ስለዚህ የመውጫውንና የመውረጃውን ዱካ ደራርባችሁ መካከላቸውን ያዙ፤ ከዚያም ምስሉን በዱካው ልክ አስተካክሉ።

ቀጥሎ በድረ ገጽ የሚሠራውን አይዲ የተባለውን ማረሚያ ክፈቱ። መንገዱ ቀድሞ ተስሎ ከሆነ አዲስ መስመር አትደርቡበት፤ ያለውን አርሙ። ቀጥ ባለው ቦታ ነጥቦቹን አራርቁ፣ በኩርባው ላይ አቀራርቡ። ትልቁ ጥንቃቄ ግን የመንገዱን ገጽ በመመዝገብ ላይ ነው፦ አስፋልቱ ካለቀበት፣ ጠጠሩ ከጀመረበት፣ ድልድይ ወይም ውሃ የሚሻገርበት ቦታ ካለበት መስመሩን ቁረጡና ለየክፍሉ የየራሱን መለያ ስጡ። ለሞተረኛ የመንገድ ገጽ የጎማ ምርጫ ነው፤ ለሌላው ሰው ግን ከዚያ ይበልጣል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ጊዜ የትኛው መንገድ የጭነት መኪና እንደሚያሳልፍ ቀድሞ ተመዝግቦ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። የዳገቱን መጠን ስትጽፉ መስመሩ የተሳለበትን አቅጣጫ አስተውሉ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የተሳለ «ሽቅብ» ነው፣ ከተገለበጠ «ቁልቁል» ይሆናል።

ስሞችን ከሌላ ካርታ አትቅዱ፤ የጉግል ካርታን መገልበጥ በፈቃድ ሕጉ የተከለከለ ነው። የአካባቢውን ነዋሪ ጠይቃችሁ የአማርኛውን ስም በአማርኛው ቦታ፣ የጋሞኛውን ደግሞ «ጂኤምቪ» በሚለው የቋንቋ ምልክት ሥር ጻፉ።

«እንዲህ ከሆነ ውድድሩ የትም አይታይም፤ ስፖርቱንም ቱሪዝሙንም የሚያስተዋውቅ ነገር አይኖርም» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ያለው ነው። መልሱ የውድድሩን መስመር በሌላ ንብርብር ላይ ማውጣት ነው። ዩማፕ በተባለው ነፃ አገልግሎት የኦፕንስትሪትማፕን ካርታ ከሥር አድርጋችሁ የመነሻውን፣ የመድረሻውን፣ የተመልካች ስፍራውንና አምቡላንስ የሚቆምበትን በቀለም ለይታችሁ መሳል ትችላላችሁ። ዋናው መረጃ ሳይነካ ሊንኩ ለተወዳዳሪና ለተመልካች ይላካል፤ ውድድሩ ሲያልፍ ይነሣል። በምሥራቅ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ ራሊ የተባለው የመኪና ውድድር ዝናውን ያገኘው ሕዝብ በሚጠቀምበት ተራ መንገድ ላይ ነው፤ መስመሩም በየዘመኑ ተለዋውጧል። እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር በቋሚ ካርታ ላይ ቢጻፍ ማን ተከታትሎ ያነሣዋል? አንድ ቀን ለውድድር ብቻ የሚሆን ቋሚ መም በዞኑ ከተሠራ ግን ያን ጊዜ ሬስዌይ የሚለው መለያ ያለ ክርክር ይገባዋል።

ለውጡን ስትልኩ ምን እንዳረማችሁና ከየት እንዳገኛችሁት በአጭሩ ጻፉ። ካርታው ከታደሰ በኋላ ይህንኑ ካርታ በሚጠቀሙት በኦስማንድ ወይም በኦርጋኒክ ማፕስ መተግበሪያዎች ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ አቅጣጫ ጠይቁ። መተግበሪያው ዋናውን መንገድ ትቶ በዙሪያ ከወሰዳችሁ መለያ ተሳስቷል ወይም ሁለት ክፍሎች በነጥብ አልተያያዙም ማለት ነው፤ ቦታውን ፈልጋችሁ አያይዙት። የመንገዱን ገጽ ደግሞ ክረምት ባለፈ ቁጥር እንደገና ሄዳችሁ ተመልከቱ።