ድስቱ የሚተርፍበት ቀን

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር ፉልና እንቁላል እሸጣለሁ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ያልቃል፣ አንዳንድ ቀን ይተርፋል። ሥራዬን እንዴት ላጽናው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማታ የምትዘፈዝፊውን ባቄላ በጣሳ ለኪ፤ ያለቀበትን ሰዓትና የተረፈውን በየቀኑ በደብተር ጻፊ። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉን ቀንሺ፤ አጥባቂው ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቀምስ ፉሉንም አታብዢ። በረመዳን የጠዋቱን ሥራ አሳንሰሽ ለአፍጥር ሳምቡሳ ጥበሺ። ወሎ ላይ ሁለቱንም ጾም ያላሰበ ቁርስ ቤት ይከስራል።

የደሴ–ወልድያ መንገድ በሐይቅና በአምባሰሏ ውጫሌ ያልፋል፤ ሹፌር ማልዶ ነው የሚነሣው። አንድ ጠዋት ዘግተሽ ካገኘሽ ሌላ ቤት ይለምዳል። ዱቤ ይቅርብሽ። ከሽያጩ አስቀድመሽ የነገውን የባቄላ፣ የዘይትና የከሰል ገንዘብ ለዪ፤ እቁብሽንም ከትርፉ እንጂ ከዚህ መዞሪያ ገንዘብ አትጣዪ። እቁቡ ሲደርስሽ መጀመሪያ ሁለተኛ ምድጃ ግዢ፤ ወንበሩ ቆይቶ ይደርሳል።