መድኃኒቱ ሲረጭ ንቦቹ የት ናቸው?

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ስለ ንብና ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። የምንጀምረውም በራሳችን ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሥራ አካባቢያችን የባቄላ ክሽክሽ በበረታ ጊዜ ለገበሬዎች ማላታይን አቀረብን፤ አበጣበጡንም አስተማርን። ባቄላው አብቦ ሳለ በጠራራ ፀሐይ ተረጨ። በማግሥቱ አንዲት አሮጊት መጥተው፣ “ልጆቼ፣ ንቦቼን ምን ፈጃቸው?” አሉን። ወደ ጓሮአቸው ብንሄድ ከቀፎዎቹ ሥር የሞቱ ንቦች ተከምረዋል፤ ነፍሳቸው ያልወጣውም መሬት ላይ ይንቀጠቀጣሉ። እኒህ እናት የልጅ ልጆቻቸውን ደብተርና ልብስ የሚገዙት ከማሩ ነበር። ስለ ክሽክሹ ብዙ ተነጋግረን ነበር፤ ቀፎ ያለው ማን እንደሆነ ግን ከእኛ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ንብ የሚጎዳው እንዴት ነው?

ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የነፍሳትን ነርቭ ያውካሉ። መድኃኒቱ ክሽክሹን ከንቡ አይለይም። ዱቄት ሆኖ የሚነሰነሰው ከፈሳሹ የባሰ ነው፤ በንቧ ጠጉር ላይ ተጣብቆ ከአበባው ዱቄት ጋር ቀፎ ይገባልና። ቀሳሚዎቹ ሲያልቁ እጮቹ ይራባሉ፤ መንጋውም እየሳሳ ይሄዳል።

ወዲያው የማይገድሉም አሉ። ኢሚዳክሎፕሪድ በተክሉ ውስጥ ሰርጎ እስከ አበባው ይደርሳል፤ በትንሽ መጠንም ንቧን ወደ ቀፎዋ የምትመለስበትን መንገድ ሊያስታት ይችላል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንና ሁለት መሰሎቹን በሜዳ ሰብል ላይ እንዳይውሉ ከልክሏል።

ጉዳቱ የማን ነው?

የንብ አርቢው ብቻ አይደለም። ኑግ በራሱ ዱቄት በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት የምታመጣለት በተለይ ንብ ናት። በአበባ ወራት ንቡን የፈጀ ገበሬ የገዛ ኑጉን ፍሬ ያሳንሳል። በጤፍ ማሳ የሚረጨው 2,4-ዲ የተባለው ፀረ አረምም መችን የመሰለውን የንብ ቀለብ ያጠፋል።

ምን እናድርግ?

1. ከመርጨት በፊት ማሳውን ዞሮ ማየት። ተባዩ ጥቂት ከሆነ መርጨት አያስፈልግም።
2. ሰብሉ ወይም በውስጡ ያለው አረም ሲያብብ አለመርጨት።
3. የግድ ከሆነ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲህ መርጨት። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የመድኃኒቱ ቅሪት በማግሥቱም አበባው ላይ ይገኛልና።
4. ንብ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በላይ ርቃ ስለምትቀስም፣ ለጎረቤት ሁሉ ቀድሞ መንገር። ንብ አርቢው ቀፎውን ያርቅ፤ ካልቻለም ጧት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ለጥቂት ሰዓት ያቆያቸው፤ አየርና ውኃ ግን አያሳጣቸው።
5. የመርጫውን ዕቃ በምንጭ ወይም በወንዝ አለማጠብ። ንብም ሰውም ከዚያ ይጠጣል።

ዛሬ መድኃኒት ከማደላችን በፊት ቀፎ ያለበትን ቤት ሁሉ እንዞራለን። የሚወስደው አንድ ቀን ነው። ባልንጀራን መውደድ ስንል በአንደበታችን ብቻ እንዳይቀር፣ ይህችን አንድ ቀን አንንፈጋት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን በየትኛው ወር ምን ያብባል? መድኃኒት የሚረጨውስ መቼ ነው?
2. ቀፎ ያላቸው ጎረቤቶቻችን እነማን ናቸው? ማን ይነግራቸዋል?
3. ንቡ ያለቀበት ጎረቤት ቢኖር፣ የረጨው ሰው ምን ሊያደርግለት ይገባል?