ፍሪጁ ሲያጉረመርም

ቀን ቀን የሕፃን ለቅሶ፣ ቴሌቪዥንና ሙቀጫ ስለሚውጡት ፍሪጅ መኖሩን የሚያስታውስ የለም። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ያጉረመርማል፣ ይንፎለፎላል፣ ቀጭ ይላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ዝም ይላል። አዲስ ፍሪጅ በገባበት ቤት «ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ?» ተብሎ ሶኬቱ የሚነቀለው ያኔ ነው። አብዛኞቹ ድምፆች የጤና ናቸው። ሊያሳስብዎ የሚገባው ለውጥ ነው፦ ትናንት ያልነበረ ድምፅ፣ ወይም የነበረው ሲበረታ።

ከኋላ ታች በኩል የተቀመጠው ጥቁር ድብልብል ብረት ኮምፕሬሰር ነው፤ በተለምዶ «ሞተሩ» የምንለው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ የተለመደው ኮምፕሬሰር በደቂቃ 3000 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል፤ «እምምም» የሚለው ከዚያ ነው። ሲነሣና ሲቆም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ደግሞ ፍጥነቱን ስለሚቀያይር ድምፁ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል። የፋሲካ ማግስት ፍሪጁን በትኩስ የበሬ ሥጋ ሞልተውት ቀኑን ሙሉ ቢያጉረመርም አይፍረዱበት፤ ሥራ በዝቶበት ነው።

ሰው ይበልጥ የሚደነግጠው በመንፎልፎሉ ነው። «ውሃ ገብቶበታል» ይባላል። የሚሰማው ግን በፍሪዘሩ ቱቦ ውስጥ ጋዝ ሲፈላ ነው። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ያለው አር 600ኤ የተባለ ጋዝ በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከወተቱና ከሥጋው ይወስዳል፤ እነሱም ይቀዘቅዛሉ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መንፎልፎሉ የሚቀጥለው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ነው። ይህቺን ጥቂት ደቂቃ ያስታውሷት፤ ወደ በኋላ ትፈለጋለች።

ቀጭ የሚለው ቴርሞስታቱ ሞተሩን ሲያስነሣና ሲያቆም ነው። ጠሽ የሚለው ፕላስቲኩ በቅዝቃዜ ሲኮማተር፣ ቸስ የሚለው ደግሞ በረዶ የማይዘው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ጠብታ የጋለ ሽቦ ላይ ሲወርድ ነው። እነዚህን ይለፏቸው።

ዝምታው ግን ለጅሩዋ ከተማ ለእነዋሪ ሰው ለብቻው ሊነገር ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር የጅሩ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቆረጥም ነዋሪው ያውቀዋል። አዳማ ላይ ፋታ የሌለው ፍሪጅ እዚህ ለረጅም ሰዓት ድምፁን ቢያጠፋ አልተበላሸም፤ ክፍሉ ራሱ ቀዝቅዞለታል። አንድ ጣጣ ግን አለው። ባለ አንድ ቴርሞስታት ፍሪጅ የሚያዳምጠው የታችኛውን ክፍል ነው፤ ታች ከቀዘቀዘ ሞተሩን አያስነሣም፣ ላይ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ ሲገዙ ከኋላ ወይም ከውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ኤስኤን» የሚል ምልክት ያለው ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ክፍል እንዲሠራ የተሰናዳ ነው፤ «ኤን» ብቻ ከሆነ ግን ከ16 ይጀምራል። ለደጋ የመጀመሪያው ይሻላል። ፍሪጁንም ጭር ባለ ቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ከማስቀመጥ ሰው የሚውልበት ክፍል ያድርጉት።

እውነተኛው የአደጋ ድምፅ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ማታ ነው። ጠፍቶ የነበረው መብራት ይመጣል፤ እንጀራ ያልጋገረ ጎረቤት ሁሉ ምጣዱን ይሰካል። ፍሪጁ «እንንን» ይልና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ»። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «እንንን»፣ «ቀጭ»። ሞተሩ መነሣት አቅቶት መከላከያው እየቆረጠበት ነው። አንዱ ምክንያት ያቺ ጥቂት ደቂቃ ናት፤ ግፊቱ ሳይስተካከል መብራቱ ተመልሶበታል። ሁለተኛው የቮልት ማነስ ነው፤ አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሲስብ አንድ ተራ ፍሪጅ ከ100 እስከ 150 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ብዙ ምጣድ ሲሰካ የሚራበው ፍሪጁ ነው። ይህ ትግል በተደጋገመ ቁጥር የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይግላል፤ በመጨረሻ ይቃጠላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ሲመጣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይተው ይስኩ። ገንዘብ ካለ ራሱ አዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ይግዙ።

መንገጫገጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ የወለል ጣጣ ነው። የእነዋሪ ገበሬ በክረምት ማሳውን በመደብና በቦይ የሚያጠነፍፈው መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚይዝ ነው። ያው አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ ቤትም ወለሉ ይነቃነቃል። በጥር ቀጥ ብሎ የቆመ ፍሪጅ በነሐሴ ሊያዘነብል ይችላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ አናቱ ላይ አስቀምጠው ውሃው ወዴት እንዳጋደለ ይዩ፤ የፊት እግሮቹን በማዞር ያስተካክሉ። ከግድግዳም ጥቂት ጣት ያርቁት።

በነገራችን ላይ ምንም ድምፅ የሌለው ፍሪጅም አለ። በገጠር ጤና ተቋማት ክትባት ይቀመጥበት የነበረው የላምባ ፍሪጅ ሞተር ስለሌለው ዝም ያለ ነው፤ በስሩ በሚነድ ነበልባል ብቻ ይቀዘቅዛል።

ቴክኒሻን የሚጠራው ሞተሩ ያለ ፋታ እየሠራ ዕቃው ካልቀዘቀዘ፣ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከመጣ፣ ወይም «እንንን፣ ቀጭ» የሚለው መብራቱ ደህና በሆነበት ሰዓትም ካልተወ ነው። ሌላው አደገኛ ድምፅ በእጃችን የምናመጣው ነው። የፍሪዘር በረዶ በቢላ ሲፈለቀቅ ቱቦው ይበሳና «እሽሽ» ይላል። አር 600ኤ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ያን ድምፅ ከሰሙ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያውንና ሶኬቱን አይንኩ፣ የቡናው ከሰል ካለ ወደዚያ እንዳይጠጋ ያድርጉ፣ ልጆቹንም ይዘው ይውጡ። በረዶው ደግሞ ከመጀመሪያው ፍሪጁ ተነቅሎ በራሱ ጊዜ ይቅለጥ፤ ቢላውን ለሽንኩርት ይተዉት።